ምዕራፍ አምስት፦ ምድብ ሦስት ከመጫወቱ በፊት ምን ይነግረን ነበር?

ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብሔራዊ ቡድን ሱዳንን አዲስ አበባ ላይ 2 ለ 0 አሸንፎ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰ። በአሥረኛው ቀን የምድብ ድልድሉ በአዘጋጇ ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባን ውስጥ ወጣ። ዋልያዎቹ የደረሳቸው ምድብ ሦስት ነበር፤ ተጋጣሚዎቻቸውም ዛምቢያ፣ ናይጄሪያና ቡርኪና ፋሶ። (በዚህ ምዕራፍ ከዚህ በኋላ የሚመጡት ዓመታት፣ ‹‹ዓ.ም.›› ካልተጻፈባቸው በቀር፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የዚያን ሰሞን ወሬ ሁላችንም እናስታውሳለን። ዛምቢያ ሻምፒዮን ናት፣ አይነኬ። ናይጄሪያ ናይጄሪያ ናት። የሚቀመሰው ቡርኪና ፋሶ ነው፤ እሱን አሸንፈን ከአንዱ ጋር አቻ ከወጣን ማለፍ ይቻላል። ቀናነት ያለው ስሌት ነበር፣ ግን ስህተት ነበር። ስህተቱ ደግሞ በዕድል የሚሳበብ አይደለም። አራቱም ቡድኖች ደቡብ አፍሪካ ላይ ምን እንደሚሆኑ ወደዚያ በመጡበት መንገድ ላይ ጽፈውት ነበር። እኛ ያነበብነው ግን የዋንጫ መደርደሪያቸውን ነው።

ወደ ቡድኖቹ ከመግባታችን በፊት የምድብን ሒሳብ እንይ። አራት ቡድን እርስ በርስ አንዴ ሲጋጠም ስድስት ጨዋታ ይሆናል። ማሸነፍ ሦስት ነጥብ ነው፣ አቻ ለሁለቱም አንዳንድ። ስድስቱም ጨዋታ አሸናፊ ካለው በምድቡ 18 ነጥብ ይከፋፈላል፤ እያንዳንዱ አቻ ግን ከዚያ ላይ አንድ ነጥብ ይቀንሳል። አቻ በበዛ ቁጥር የሚከፋፈለው ነጥብ ያንሳል፣ የማለፊያው በርም ዝቅ ይላል። በምድብ ሦስት ከስድስቱ አራቱ በአቻ አለቁ። የተከፋፈለው ነጥብ 14 ብቻ ሆነ፤ ምድቡንም የመራው ቡድን በአምስት ነጥብ መራ። ይህን ልብ ይበሉ፤ በመጨረሻው ቀን ኢትዮጵያን የሚመለከት ትልቅ ነገር ስላለው እንመለስበታለን።

ዛምቢያን እናስቀድም። ታሪኩ ከባድ ነው። በሚያዝያ 1993 የዛምቢያ ብሔራዊ ቡድን ለዓለም ዋንጫ ማጣሪያ ወደ ሴኔጋል ሲበር አውሮፕላኑ ከጋቦን ዋና ከተማ ሊበርቪል ዳርቻ ባሕር ውስጥ ወደቀ። የተሳፈሩት 30 ሰዎች በሙሉ አለቁ። ኔዘርላንድስ ይጫወት የነበረው ካሉሻ ብዋልያ በዚያ በረራ ስላልነበር ተረፈ። ከ19 ዓመት በኋላ፣ በየካቲት 2012፣ እዚያው ሊበርቪል ውስጥ በፈረንሳዊው ኤርቬ ሬናር የሚመራው የክሪስቶፈር ካቶንጎ ቡድን ኮትዲቯርን በመለያ ምት 8 ለ 7 አሸንፎ ዋንጫውን አነሳ። በእግር ኳስ እንዲህ ዓይነት የታሪክ መገጣጠም ብዙ የለም። ያን ምሽት ያየ ሰው ዛምቢያን ቢፈራ አይፈረድበትም።

ግን ስሜቱን ለጊዜው ወደ ጎን ትተን ጨዋታውን ብቻ እንይ። የፍጻሜው ጨዋታ 120 ደቂቃ ያለ ግብ ተጠናቋል። የአፍሪካ ዋንጫ ከዓለም ዋንጫ ጋር በአንድ ዓመት እንዳይገጥም ወደ ጎዶሎ ዓመት ስለተዛወረ ቀጣዩ ውድድር በዓመቱ ደረሰ፤ ሻምፒዮኑም ገና ዋንጫውን ሳያጣጥም ማጣሪያ ገባ። ኡጋንዳን በሜዳው 1 ለ 0 አሸነፈ፣ ካምፓላ ላይ 1 ለ 0 ተሸነፈ፣ በመለያ ምት 9 ለ 8 አለፈ። እንግዲህ በሦስት ወሳኝ ጨዋታዎች ያገባው አንድ ግብ ነው፤ ከሦስቱ ሁለቱ በመለያ ምት ተፈቱ። ይህ ቡድን ለመሸነፍ የሚያስቸግር፣ ለማሸነፍ ደግሞ የሚቸገር ነው። መለያ ምት ባለበት የጥሎ ማለፍ ዙር እንዲህ ያለ ቡድን ንጉሥ ይሆናል። በምድብ ጨዋታ ግን መለያ ምት የለም፤ አቻ አቻ ነው። ዛምቢያ በምድብ ሦስት ሦስቱንም ጨዋታ አቻ ወጣ። አንድም ሳይሸነፍ ወደ ቤቱ ተመለሰ። ካገባቸው ሁለት ግቦች አንዱን ያገባው ግብ ጠባቂው ኬኔዲ ምዊኔ ነው፣ ናይጄሪያ ላይ በፍጹም ቅጣት ምት።

ናይጄሪያን ለመረዳት ከአሰልጣኙ መጀመር ይሻላል። ንስሮቹ በ2011 አቡጃ ላይ ከጊኒ ጋር 2 ለ 2 ወጥተው የ2012ቱን ውድድር ከቤታቸው ሆነው ነው ያዩት። ለናይጄሪያ ይህ ውርደት ነበር። ከውርደቱ በኋላ የተጠራው በ1994 ዋንጫውን በአምበልነት ያነሳው ስቴፈን ኬሺ ነው። ኬሺ ቶጎን ለ2006ቱ ዓለም ዋንጫ ያበቃ ሰው ነው፤ ስም ሳይፈራ መሥራትን ያውቅ ነበር። እንደ ኦዴምዊንጊ፣ ኦባፌሚ ማርቲንስና ታዬ ታይዎ ያሉትን ስመ ጥሮች ትቶ ስድስት ተጫዋች ከአገር ውስጥ ሊግ መረጠ። ተከላካዩ ጎድፍሬይ ኦቦአቦና አንዱ ነው። ሰንደይ ምባ ሌላው ነው። የአገሩ ጋዜጦች በየቀኑ ሲወቅሱት ኬሺ አልተነቃነቀም።

እዚህ ላይ ለአንባቢ አንድ ነገር ማስገንዘብ እፈልጋለሁ። አዲስ የተሠራ ቡድን ሲያዩ ‹‹ስንት ኮከብ አለው?›› ብለው አይጠይቁ፤ ‹‹ከስንት ጨዋታ በኋላ ይዋሀዳል?›› ብለው ይጠይቁ። ናይጄሪያ በመጨረሻው ማጣሪያ ላይቤሪያን ሞንሮቪያ ላይ 2 ለ 2 ነበር የተላቀቀው፤ በመልሱ ግን 6 ለ 1 አደረገው። ቀስ ብሎ የሚሞቅ ቡድን ነው። በምድቡም እንደዚያው ሆነ፦ ሁለት አቻ፣ አንድ ቀይ ካርድ፣ ሚኬል ዛምቢያ ላይ ያባከነው ፍጹም ቅጣት ምት። ከዚያ ሩብ ፍጻሜ ላይ ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ግማሽ ፍጻሜ ላይ ማሊን 4 ለ 1። ኬሺ በሦስተኛው ጨዋታ ቢወድቅ ኖሮ ዛሬ ስሙ በሌላ መንገድ ይነሳ ነበር።

አሁን ወደ ቡርኪና ፋሶ። እኔ ስለዚህ ቡድን ስጽፍ በቁጭት ነው፤ ምክንያቱም ሁላችንም የሳትነው እዚህ ላይ ነው። መደርደሪያው በእርግጥ ባዶ ነበር። ድንጉላዎቹ በ1998 አዘጋጅ ሆነው በፊሊፕ ትሩሲዬ መሪነት አራተኛ ከመውጣታቸው ሌላ የሚወራ ነገር አልነበራቸውም። ከአገራቸው ውጭ በተካሄደ የአፍሪካ ዋንጫ አንድም ጨዋታ አሸንፈው አያውቁም። በ2012 ሦስቱንም ተሸንፈዋል። ስለዚህ ‹‹የሚቀመስ›› አልናቸው።

ግን ሁለት ነገር ሊታይ ይችል ነበር። አንደኛው ተጫዋቾቹ በየሳምንቱ የት እንደሚውሉ ነው። አምበሉ ቻርልስ ካቦሬ ማርሴይ፣ ተከላካዩ ባካሪ ኮኔ ሊዮን፣ ክንፉ ላይ የሚሮጠው ጆናታን ፒትሮይፓ ሬን፣ አላን ትራኦሬ ሎሪያን። ሁሉም በፈረንሳይ አንደኛ ሊግ። ስማቸው እንደ ድሮግባ በየሻይ ቤቱ አይጠራም፤ ሆኖም በየሳምንቱ ከጠንካራ ተጋጣሚ ጋር ዘጠና ደቂቃ የሚታገሉ ሰዎች ናቸው። የሦስት ጨዋታ ውድድር ውስጥ ይህ ከዝና ይበልጣል።

ሁለተኛው ማጣሪያው ነው። ቡርኪና ፋሶ ባንጊ ላይ በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ 1 ለ 0 ተሸንፎ መጣ። በመልሱ ዋጋዱጉ ላይ 3 ለ 1 አሸንፎ አለፈ፤ ያሳለፈችውን ግብ በባከነ ሰዓት ያገባው አላን ትራኦሬ ነው። ብዙ ሰው ይህን ያነበበው ‹‹በመካከለኛው አፍሪካ ሪፐብሊክ እንኳ ሊወድቅ የነበረ ቡድን›› ብሎ ነው። እኔ ዛሬ የማነበው በተቃራኒው ነው፦ ሰዓቱ ካለቀም በኋላ የማይቆም ቡድን፣ በዚያች ደቂቃ ኳሷን የሚሰጡት ሰው ያለው ቡድን። የመጀመሪያው የምድብ ጨዋታ ምን ሆነ? ናይጄሪያ በኤማኑኤል ኤመኒኬ ግብ 1 ለ 0 እየመራ መደበኛው ሰዓት አለቀ። በተጨመረው አራተኛ ደቂቃ አንድ ሰው አቻ አደረገ። አላን ትራኦሬ።

ከአራት ቀን በኋላ ያው ሰው ከእኛ ጋር ተገናኘ። ወደ ኢትዮጵያ እንለፍ።

ስለ ራስ ቡድን መጻፍ ከሁሉም ይከብዳል። በ1957 ከግብፅ፣ ከሱዳንና ከደቡብ አፍሪካ ጋር የአፍሪካን እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን የመሠረትን፣ በ1962 አዲስ አበባ ላይ ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፈን ዋንጫ ያነሳን ሕዝቦች ነን። በኋላ ይህንኑ ኮንፌዴሬሽን የመራውን ይድነቃቸው ተሰማን የመሰለ ሰው ያፈራን። ይህ ክብር ነው፤ ግን በ2013 ሜዳ የሚገቡት ልጆች እንዴት እንደሚከላከሉ ምንም አይነግረንም። ከዚያ ይልቅ የሚገርመው የ1982ቱ ነው። ሊቢያ ላይ በተካሄደው፣ ከ2013 በፊት የመጨረሻ በነበረው ተሳትፏችን ምድባችን ውስጥ አልጄሪያ፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ ነበሩ። በናይጄሪያ 3 ለ 0፣ በዛምቢያ 1 ለ 0 ተሸንፈን ከአልጄሪያ ጋር 0 ለ 0 ወጣን። አንድም ግብ ሳናገባ ተመለስን። ከ31 ዓመት በኋላ ስንመለስ ከሦስቱ ሁለቱ እዚያው ቆመው ጠበቁን።

የአሰልጣኝ ሰውነት ቢሻው ቡድን ጥሩ ቡድን ነበር። ይህን በድፍረት እላለሁ። ኳስ ይዞ የሚጫወት፣ አጭር ቅብብል የሚወድ፣ መሀል ሜዳው ላይ ሽመልስ በቀለን፣ ፊት ላይ ጌታነህ ከበደንና ግብፅ ሊግ የሚጫወተውን ሳላዲን ሰኢድን፣ የትም ቢያሰልፉት የማይከፋውን አዳነ ግርማን የያዘ። ከአሜሪካ ፉአድ ኢብራሂም፣ ከስዊድን ዩሱፍ ሳላህ ተጨምረውበት ነበር። ቀሪው ስብስብ በአብዛኛው ከአገር ውስጥ ሊግ ነው።

መንገዱን ግን እናንብብ። ዋልያዎቹ በአራት የማጣሪያ ጨዋታ ሁለቴ ከሜዳቸው ውጭ ባገቡት ግብ ብልጫ አለፉ። ቤኒንን አዲስ አበባ ላይ 0 ለ 0፣ ኮቶኑ ላይ 1 ለ 1። ሱዳንን ደግሞ እዚያ 5 ለ 3 ተሸንፈው፣ እዚህ 2 ለ 0 አሸንፈው። አሁን ቁጥሩን በሌላ መልክ እንደርድረው። አዲስ አበባ ላይ፣ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፈው ከፍታችን ላይ፣ የገባብን ግብ የለም። ከአገር ስንወጣ በሁለት ጨዋታ ስድስት ግብ ገባብን። ደቡብ አፍሪካ ደግሞ ሦስቱም ጨዋታ ከአገር ውጭ ነው። ከጆሃንስበርግና ከሌሎችም ከተሞች በአውቶቡስና በመኪና እየተጫነ የመጣው ወገናችን ምድባችን የሚጫወትባትን ኔልስፕሩይትን አረንጓዴ ቢጫ ቀይ ቢያለብሳትም፣ ጭብጨባ የተከላካይ መስመርን ክፍተት አይደፍንም።

ጥምቀት ጥር 11 ቀን ዋለ፤ ውድድሩም የተከፈተው በዚያው ዕለት ነው። ጥር 13 ቀን ከዛምቢያ ጋር ገባን። ሳላዲን የመታው ፍጹም ቅጣት ምት በምዊኔ ተመለሰ። 35ኛው ደቂቃ ላይ ግብ ጠባቂያችን ጀማል ጣሰው ከክልሉ ወጥቶ ቺሳምባ ሉንጉን በእግሩ መትቶ በቀይ ካርድ ወጣ። ከተመልካች መካከል ቩቩዜላ ወደ ሜዳ ተወረወረ፤ ያን ማየት ያሳፍር ነበር። ከእረፍት በፊት ኮሊንስ ምቤሱማ አገባብን። በአሥር ሰው፣ በሻምፒዮኑ ላይ፣ 65ኛው ደቂቃ ላይ አዳነ ግርማ አቻ አደረገን። ኢትዮጵያ በአፍሪካ ዋንጫ መድረክ ግብ ስታገባ ከ1976 ወዲህ የመጀመሪያዋ ነበር፤ 37 ዓመት። ብዙ ኢትዮጵያውያን ይህን ውድድር በዚህች ግብ ብቻ ያስታውሱታል፤ እኔም አልፈርድባቸውም።

ቀጥሎ ቡርኪና ፋሶ። የምናሸንፈው። አላን ትራኦሬ በመጀመሪያው አጋማሽ አንድ አገባ። በሁለተኛው አጋማሽ ግብ ጠባቂያቸው አብዱላዬ ሱላማ ኳስ ከክልሉ ውጭ በእጁ ነክቶ በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዕድሉ የእኛ መሰለ። ኳስ ይዞ መጫወት የሚወድ ቡድን አንድ ሰው የጎደለውን ተጋጣሚ ሲያገኝ ወደ ፊት ይነጉዳል፤ ኋላው ይራቆታል። እነሱ ደግሞ ፒትሮይፓን የመሰለ ሯጭ አላቸው። በአሥር ሰው ሦስት ጨመሩብን፤ አራተኛዋ የገባችው እንደ ልማዳቸው በባከነ ሰዓት ነው። 4 ለ 0። ቡርኪና ፋሶ ከአገሩ ውጭ በአፍሪካ ዋንጫ ያሸነፈው የመጀመሪያ ጨዋታ ይህ ሆነ። የሱዳኑን 5 ለ 3 በጥሞና ያየ ሰው ይህን ጨዋታ አስቀድሞ አይቶታል።

ሦስተኛውን ቀን ማየት የሚገባን ከሒሳቡ ጋር ነው። የምድብ የመጨረሻ ጨዋታዎች በአንድ ሰዓት የሚጀመሩት ስፔን ላይ በተካሄደው የ1982ቱ ዓለም ዋንጫ ምክንያት ነው። ሂኾን ውስጥ ምዕራብ ጀርመንና ኦስትሪያ ተጋጣሚዎቻቸው ተጫውተው ከጨረሱ በኋላ ገቡ፤ ለሁለቱም የሚበቃው ውጤት ታውቆ ነበር። ጀርመን በጊዜ አንድ አገባ፣ የቀረው ሰዓት በመቀባበል አለቀ፣ ከእነሱ ጋር የተመደበችው አልጄሪያ ወደቀች። ከዚያ ወዲህ ማንም የማንን ውጤት ጠብቆ አይገባም። ስለዚህ ምድቡ በኔልስፕሩይቱ ምቦምቤላ ስታዲየም ሲጫወት ቢቆይም በመጨረሻው ቀን ለሁለት ተከፈለ። ቡርኪና ፋሶና ዛምቢያ አሸዋ በበዛበት በዚያው ሜዳ ቀሩ፤ ኢትዮጵያና ናይጄሪያ ሩስተንበርግ ሄዱ።

ከጨዋታው በፊት ቡርኪና ፋሶ አራት፣ ናይጄሪያና ዛምቢያ ሁለት ሁለት፣ ኢትዮጵያ አንድ ነጥብ ነበራቸው። በኔልስፕሩይት ግብ አልገባም። በሩስተንበርግም እስከ 80ኛው ደቂቃ ግብ አልገባም። በዚያች ቅጽበት ናይጄሪያና ዛምቢያ በሁሉም ነገር እኩል ነበሩ፦ ሦስት ሦስት ነጥብ፣ ያገቡት ሁለት፣ የገባባቸው ሁለት፣ እርስ በርስም 1 ለ 1። ኢትዮጵያ አንድ ግብ ብታገባ ነጥቧ አራት ይሆናል፣ ሁለቱንም አልፋ ሩብ ፍጻሜ ትገባለች። አቻ የበዛበት ምድብ በሩን ምን ያህል ዝቅ እንደሚያደርግ እዚህ ላይ ይታያል፤ ሰባት ግብ ሊገባበት የነበረ ቡድን አንዲት ግብ ብቻ ነበር የቀረችው።

80ኛው ደቂቃ ላይ ቪክቶር ሞሰስ ክልላችን ውስጥ ተጠለፈ፤ ፍጹም ቅጣት ምቱን ራሱ አገባው። በመጨረሻዎቹ ደቂቃዎች ደግሞ ግብ ጠባቂው ሲሳይ ባንጫ ሞሰስን ጠልፎ በቀይ ወጣ። ቅያሪ አልቆ ስለነበር አማካዩ አዲስ ሕንጻ ጓንት አጥልቆ በረኛ ሆነ፤ ሞሰስ ሁለተኛውንም አገባ። በሦስት ጨዋታ ግባችን ላይ አራት ሰው ቆመ፦ ጀማል፣ ዘሪሁን ታደለ፣ ሲሳይና አዲስ። ሁለቱ በቀይ ወጡ። የተከላካይ መስመሩ ሲከፈት ግብ ጠባቂው ብቻውን እየወጣ ይጋፈጣል፣ ሲዘገይም ይጠልፋል። ስለዚህ ጀማልንና ሲሳይን ብቻ መውቀስ ፍትሕ አይመስለኝም።

ቡርኪና ፋሶ በአምስት ነጥብና በተሻለ የግብ ክፍያ አንደኛ፣ ናይጄሪያ ሁለተኛ ሆኖ አለፈ። ቡርኪና ፋሶ በዛምቢያው ጨዋታ አላን ትራኦሬን በጉዳት አጥቶም ቶጎንና ጋናን ጥሎ ፍጻሜ ደረሰ። የካቲት 3 ቀን 2005 ዓ.ም. ጆሃንስበርግ ላይ ለዋንጫ የተጋጠሙት ሁለቱም ከምድብ ሦስት የወጡ ነበሩ። ናይጄሪያ 1 ለ 0 አሸነፈ፤ ግቧን ያገባው ኬሺ ከአገር ውስጥ ሊግ የመረጠው ሰንደይ ምባ ነው። የውድድሩ ምርጥ ተጫዋች የተባለው ‹‹የሚቀመሰው›› ቡድን ክንፍ፣ ፒትሮይፓ።

ይህን ንባብ በሌላ ምድብ ላይ መሞከር የሚፈልግ አንባቢ የሚቀጥለውን የዋልያዎቹን ተሳትፎ ይውሰድ። በ2022 መጀመሪያ ካሜሩን ላይ ወደተካሄደው ውድድር ስንሄድ፣ በማጣሪያው በሜዳችን ኮትዲቯርን 2 ለ 1፣ ኒጀርን 3 ለ 0፣ ማዳጋስካርን 4 ለ 0 አሸንፈን ነበር። ከሜዳችን ውጭ በሦስቱም ተሸንፈን ነበር። ምድባችን ውስጥ ካሜሩን፣ ኬፕ ቨርዴና እንደገና ቡርኪና ፋሶ ነበሩ። በመጀመሪያው ጨዋታ ገና በማለዳው ቀይ ካርድ አየን። በሁለቱ ተሸነፍን፤ ከቡርኪና ፋሶ ጋር 1 ለ 1 ወጣን። የሰበሰብነው ነጥብ እንደ 2013ቱ አንድ ነበር።